ነጠላና ማኪያቶ

ለባህል መጥፋት የሚቆጭ ሰው ቁጭቱን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ማኪያቶ አዝዞ ነው። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም፤ እኔም ከዚያው ወገን ነኝና። «መጤ ባህል ወረረን» የሚለው እሮሮ በፒያሳ ካፌዎች፣ በካዛንቺስ ምግብ ቤቶች፣ በመርካቶ ሱቆች ደጃፍ ሲሰማ ኖሯል፤ ፒያሳም ካዛንቺስም መርካቶም ግን ስማቸውን ያገኙት ከወራሪው ቋንቋ ነው። የፒያሳ ብዙው ክፍል በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ካዛንቺስም ሲከተል፣ «ትዝታችን ፈረሰ» ብለን ካዘንነው መካከል ስሙን ማን እንዳወጣው ያስታወሰ ብዙ ሰው አልነበረም። ሊያስታውስም አይገባውም ነበር እላለሁ። ስሙ የእኛ ሆኗልና።

እንዴት ሆነ? ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ ለእኔ ከቤቴ የመጣ ጥያቄ ነው። የአያቴ ወንድም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተወረወረበት በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ቀናት በአዲስ አበባ ካለቁት ሰዎች አንዱ ነው፤ መቃብሩን የሚያውቅ የለም። አያቴ እስክትሞት ድረስ ፓስታ አልቀመሰችም። ስለ ጉዳዩ ስብከት አልነበራትም፤ ሌላውን አትከለክልም፤ ሰሐኑ ሲቀርብ ብቻ ፊቷን ወደ እንዝርቷ ታዞራለች። «ክር ይለበሳል እንጂ አይበላም» ትል ነበር። እኛ ልጆቹ ቀልድ ይመስለን ነበር።

እናቴ ደግሞ በዚያው ጣሪያ ሥር ፓስታ ትሠራለች። ሽንኩርቱን እንደ ወጥ ታቁላላዋለች፤ በርበሬ ጣል ታደርግበታለች፤ በቲማቲም ድልህ አቅልታ እንጀራ ላይ ታፈስሰዋለች፤ ሹካ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ቅቤው ይቀርና በዘይት ትሠራዋለች። የሮም ሰው ቢያየው የሚያውቀው አይመስለኝም። እኔ እንደሚመስለኝ ፓስታ የእኛ የሆነው ያን ጊዜ ነው፤ ሲጾም። የባዕድ ምግብ እንጀራ ላይ መቀመጡ ብቻውን አይበቃም፤ እንግዳም መሶብ ዳር ይቀመጣል። ከዓመቱ ግማሽ ገደማ በሚጾም ማኅበረሰብ ውስጥ ግን አንድ ምግብ የጾምና የፍስክ ተብሎ ከተከፈለ፣ ከዚያ ወዲያ የቤት ልጅ ነው። ዛሬ የከተማው ካፌዎች የጾም ማኪያቶ፣ የጾም በርገርና የጾም ኬክ ይሸጣሉ። ይህን አይቶ የሚስቅ ሰው አውቃለሁ። እኔ ግን የመጣውን ሁሉ በራሱ የቀን መቁጠሪያ አስገብቶ የሚያሳድር ሕዝብ እንዲህ በቀላሉ ተወረረ ለማለት ይከብደኛል።

አያቴ ተሳስታ ነበር ማለቴ ነውን? አይደለም። የእርሷ እንቢታና የእናቴ ሽንኩርት በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ኖረዋል፤ አንዱ ሌላውን አልሻረውም።

ስለ እነዚያ ዓመታት ካነሣሁ አይቀር ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። ከየካቲቱ ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና አዝማሪዎች ነበሩበት። ጠንቋዩን ተዉት። ማሲንቆ ይዞ ከመንደር መንደር የሚዞር፣ በየጠጅ ቤቱ ግጥም እየደረደረ ሳንቲም ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ሰው፣ አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ ላለው ሠራዊት ምኑ ያስፈራል? አስፈራ። ወሬው ከተማ ለከተማ ይዞራል፤ ሕዝቡ ፈርቶ በሆዱ የያዘውን እርሱ በሰምና ወርቅ ይናገረዋል። እኛ አዝማሪን በሠርግ ላይ እየጋበዝን ልጃችንን ግን ለመዳር በምናመነታበት ዘመን ዋጋውን በትክክል የገመተው ጠላት ነበር። ስለ ዘፈን፣ ስለ ልብስና ስለ ፊልም «መዝናኛ ነው» ብሎ ማለፍ የሚቀናው ሰው ይህን ትእዛዝ ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

የንቀቱ ነገር ከአዝማሪ ብቻ አይቆምም። ነጠላን እንውሰድ። ነጠላ ልብስ ከመሆኑ በፊት ንግግር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ የሚጣፋው በመስቀለኛ ነው፤ ሐዘን ሲሆን ዘቅዝቀው ይለብሱታል፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ያቺን ሴት ሳይጠይቅ «ማን ሞተባት?» ይላል። ወገብ ላይ ሲታሰር ሥራ አለ ማለት ነው። አንድ ሸማ ቃል ሳይወጣው ይህን ሁሉ ይናገራል፤ የተናገረውንም የማይሰማ የለም። ይህን ልብስ የሚሠራውን ሰው ግን ለዘመናት የጠራነው በስድብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ አገር ስለ ሞላ ነው። ምላስ ደግሞ ከአዋጅ ይልቅ ዕድሜ አለው። እኔ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባደግሁበት ጊዜ እንኳ የሰፈራችን ሸማኔ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ የአባታቸውን ሥራ ሲጠየቁ «ነጋዴ ነው» ይሉ ነበር።

እኒህ ሸማኔ ከጋሞ ተራሮች የመጡ ሰው ናቸው። እኛ ልጆቹ ጋሽዬ እንላቸው ነበር። እግራቸውን ከጉድጓዱ ከትተው፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሰዱት ድምፁ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይሰማል። ለብዙ ዓመታት የሰፈሩ ሰዓት እርሱ ነበር። አያቴ የፈተለችውን ልቃቂት ወደ እርሳቸው የምወስደው እኔ ነኝ። ክሩን በጣታቸው ይዳስሱና «የእናትዋ እጅ ዛሬ ደክሟል» ወይም «ዛሬ ደኅና ነች» ይሉኛል። ከክሩ ውፍረትና ቅጥነት የአንዲት አሮጊት ጤና ያነብባሉ። አያቴ አልጋ ላይ ከመዋሏ አስቀድሞ መታመሟን ያወቁት እርሳቸው ናቸው። ወደ እርሳቸው እመለሳለሁ፤ በመካከሉ ግን ስለ ልብስ የተነሣ አንድ ጠብ አለ።

በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። አጭር ቀሚስ በዓለም ላይ የተስፋፋበት ወቅት ነው። ተማሪዎች ተቃወሙ፤ ጩኸቱ ወደ ረብሻ ተለወጠ፤ ፖሊስ ገባ። «መሬት ላራሹ» ብሎ በ1957 ዓ.ም. አደባባይ የወጣ ትውልድ ነው፤ ድኻ በሚራብበት አገር የባዕድ ሞድ ማሳየት ስድብ ነው ያሉት ከልባቸው መሆኑን አልጠራጠርም። ቢሆንም ያን ቀን ባሰብሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ተቃዋሚዎቹ ወንዶች ኮትና ሱሪ ለብሰው ነበር፤ በእጃቸው ይዘውት የዞሩት መጽሐፍ በአውሮፓ የተጻፈ ነበር፤ ፀጉራቸው ብዙም ሳይቆይ እንደ አሜሪካ ጥቁሮች ጎፈሬ ሆነ። ሐሳብን መዋስ ነፃነት፣ ልብስን መዋስ ግን ውርደት የሆነው በምን ሚዛን ነው? ሚዛኑ የተዋሰችው ሴት በመሆኗ ይመስለኛል። የአገር ክብር ዘወትር የሚለካው በእርሷ ቀሚስ ርዝመት ነው፤ የወንዱን ክራቫት የለካ የለም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ሹመኛው ሁሉ ካኪ ለበሰ፤ ያኔ ስለ መጤ ልብስ የጮኸ አልነበረም፤ የሚጮኽበትም ዘመን አልነበረም።

ስለ ሙዚቃ ብዙ ለመጻፍ ይዳዳኛል፤ ከሁሉም የምወደው እርሱ ነውና። የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ የሚጀምረው በስደተኛ ሕፃናት ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ የሰሟቸውን፣ ከቱርክ ምድር እልቂት የተረፉ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። አርባ ልጆች ተባሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረውን የንጉሠ ነገሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የእኛን ቅኝቶች ለትልቅ ባንድ አቀናበረ። አገር የሌለው ሰው የአገር መዝሙር መድረሱን ሳስብ «መጤ» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ይሰንፋል።

ከዚያም በክብር ዘበኛና በፖሊስ ባንዶች ያደጉት ወጣቶች መጡ። ዓለማየሁ እሸቴ የአሜሪካ ፊልም ባየበት ዓይኑ ፀጉሩን እንደ ኤልቪስ አበጠረ፤ የእንግሊዝኛ ዘፈን ዘፈነ፤ ሰው ከልቡ የወደደው ግን በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር እንደ ሆነ ራሱ ተናግሯል። ፊልሙ ልብሱን፣ ልብሱ አቋቋሙን፣ አቋቋሙ ዘፈኑን እየሳበ ነው የመጣው፤ ለየብቻ እንነጋገርባቸው ብንል እንኳ እነርሱ ለየብቻ አልመጡም። በ1961 ዓ.ም. ዐምሃ እሸቴ የተባለ የ20ዎቹ ዕድሜ ወጣት ሸክላ የማሳተም ሥልጣን የመንግሥት ብቻ ነው የሚለውን ደንብ ጥሶ የዓለማየሁን ዘፈን ሕንድ አገር ልኮ አሳተመ። ከተማው ተገለባበጠ። ዘመኑ ስድስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም፤ በ1967 ዓ.ም. ዐምሃ ተሰደደ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት እላፊ መጣ። ሌሊቱ ለወታደር ሆነ። በትልልቆቹ ሆቴሎች እንግዳው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይጫወት ነበር፤ ድካም የወለደው፣ የሚያንቀላፋ፣ ዝግ ያለ ዜማ ያለው የዚያ ዘመን የመሣሪያ ሙዚቃ አንዳንዴ በር ከተቆለፈበት ክፍል የወጣ ይመስለኛል፤ ከዚያም ነው የወጣው። ሸክላው ሲጠፋ ካሴት መጣ፤ ካሴት ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ይገለበጣል፤ ማንም ሊቆጥረው አይችልም። ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ የቀረው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ደንበኛ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ካሴት አንድ ፈረንጅ እዚሁ አገር ውስጥ ከገበያ አግኝቶት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲያሳትምለት ዓለም ሰማው። ሙላቱ አስታጥቄም እንዲሁ ነው፤ ምሕንድስና እንዲማር እንግሊዝ ተልኮ ሙዚቃ ተምሮ፣ በቦስተንና በኒው ዮርክ አልፎ፣ የእኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከጃዝ ጋር ያጋባ ሰው ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ ሙዚቃውን እስኪያሰማው ድረስ ግን ከእኛው ወጣቶች ስንቱ ያውቀው ነበር? የእኛን ነገር ፈረንጅ ካላከበረልን የማናከብረው ለምን እንደ ሆነ የሚነግረኝ ባገኝ እወዳለሁ። የአዝማሪው ነገር መልኩን ለውጦ መጣ ልበል?

ስለ ፊልም ባጭሩ። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው። ሞቶ የተቀበረ ሰው ግድግዳ ላይ ሲራመድ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? እኔ ስሙን እወደዋለሁ፤ ከፊልም ፊት የነበረውን ፍርሃት በቅጡ ይይዘዋልና። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የራሳችንን ሴት፣ የራሳችንን መንገድ በሸራ ላይ አየን፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን የከተማው ልጅ ፍቅርን የተማረው ከሕንድ ፊልም፣ ድብድብን ከካራቴ ፊልም ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር የአገር ውስጥ ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃወሙ። እንጀራቸው ነውና አልፈርድባቸውም።

አንዲት አክስቴ ሲኒማ ቤት ገብታ የማታውቅ፣ ማታ ማታ ግን ከእነዚያ ድራማዎች ፊት የማትነሣ ናት። አንድ ቀን ስትጠይቀኝ፣

«አንተ፣ እስታንቡል ሰው ሲሞት ለቅሶ የሚደርስ የለም እንዴ?»

«ኧረ ይኖራል አክስቴ፤ ፊልም ስለ ሆነ ነው።»

«ታዲያ እናትየው ለብቻዋ ምን ታደርጋለች? ድንኳን የለ፣ ዕድር የለ፣ ንፍሮ የለ። ይቺ ሴት ሰው የላትም» ብላ ነጠላዋን ዘቀዘቀች።

አልሳቅሁም። ድራማው እርሷን ቱርክ ሲያደርጋት ለማየት የተቀመጥሁ ሰው ነበርሁ፤ እርሷ ግን ከእስታንቡሏ እናት ጎን ለቅሶ ተቀመጠች። ባህል ይለወጣል የሚሉን ሰዎች እውነት አላቸው፤ የልጅ ልጇን ስም ከዚያ ድራማ ያወጣችለት ያቺው አክስቴ ናትና፤ ካህኑ ግን ሲያጠምቁት ገብረ ማርያም ብለውታል፤ ሁለቱም ስሞቹ ይጠሩታል። ስለዚህ ከውጭ ስለሚመጣው ነገር ብዙም እንቅልፍ አላጣም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው።

ያልሁት ሸማኔ ዛሬም አሉ፤ አርጅተዋል። ባለፈው ዓመት ለእኅቴ ልጅ ሠርግ ቀሚስ ልናሠራ ሽሮ ሜዳ ወጣን። ሱቆቹ ደምቀዋል፤ ቀሚሱ ከመቼውም ይልቅ በዝቷል፤ በየበዓሉ ከዋሽንግተን እስከ ቴል አቪቭ የሚለበሰው እርሱ ነው። የአገር ልብስ እንዲህ የተወደደበት ጊዜ አላውቅም። ነገር ግን ከተሰቀለው ውስጥ ብዙው ፋብሪካ የወጣ ጨርቅ ነው፤ ጥለቱ አልተጠለፈም፣ አልተሸመነም፤ ታትሟል። ከሩቅ አንድ ነው። ስትዳስሱት ክር የለበትም። ዋጋው ደግሞ የእጅ ሥራውን ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ድኻዋ ሙሽራ እርሱን ብትገዛ እንዴት ይፈረድባታል?

ስለዚህ ነው ማኪያቶው የማያስፈራኝ። ማኪያቶ መጥቶ የተፈናቀለ ጀበና የለም፤ ሁለቱም በየተራቸው ይጠጣሉ። የታተመው ቀሚስ ግን መልኩን ይዞ እጁን ይጥላል። ለመጤው ልብስ በ1960 ዓ.ም. የጮኸ አገር፣ የራሱ ልብስ መልክ ተሰርቆ ሲሸጥለት ዝም አለ፤ ምክንያቱም ቀሚሱ «የባህል» ተብሎ ተጠርቷል፤ የሠራው እጅ ደግሞ አስቀድሞም አልተቆጠረም።

እቤታቸው ገባን። ጉድጓዱ በሳንቃ ተከድኖ ላዩ ላይ ወንበር ተቀምጧል። ታላቁ ልጃቸው በጎዳናው ላይ ሱቅ አለው፤ የሚሸጠው የታተመውን ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ «አባቴ ነጋዴ ነው» ይል የነበረው እርሱ ነው፤ አሁን እውነቱን ነው። የእኅቴ ልጅ በእጅ የተሸመነ እንደምትፈልግ ስነግራቸው አባትየው ጥቂት ዝም አሉ።

«ጋሽዬ፣ የሚሠራ ሰው ይጠቁሙን» አልኋቸው።

«የሚፈትል ካገኛችሁ እኔው እሠራዋለሁ» አሉ። ከዚያም ወደ ሙሽራዋ ዞረው፣ «እጅሽን አምጪ እስቲ» አሏት። ጣቶቿን እንደ ክር ዳሰሷቸው። «ይህ እጅ ፈትሎ አያውቅም» አሉ፤ አልነቀፏትም።

የአያቴ እንዝርት እናቴ ዘንድ አለ። ከግድግዳ ላይ ለጌጥ ተሰቅሏል፤ እኅቴ ደውላ እንድታወርደው ነገረቻት። ባዘቶው ከመርካቶ ተገዛ። ማን እንደሚያስተምራት ግን ገና እያፈላለግን ነው፤ ሠርጉ ለጥር ነው፤ አንድ ቀሚስ የሚበቃ ድርና ማግ ለመፍተል ስንት ወር እንደሚፈጅ ሽማግሌው ሲነግሯት ልጅቱ በጣቷ ቆጠረችና ዝም አለች።